የኬቭ ክሪክ ሸረሪቶች

አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ካለችው ከቱሳን ከተማ ተነስተን ወደ ምሥራቅ ነዳን። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ አገሩ ደረቅ ነው። ፖርታል የምትባለዋን ትንሽ መንደር አልፈን ኬቭ ክሪክ ሸለቆ ስንገባ ግን ሁሉም ነገር ተለወጠ። ወንዝ፣ ጥላ፣ የወፍ ጫጫታ። የአሪዞና ዝናብ እንደኛው ሐምሌና ነሐሴ ነው። የረጠበው አፈር ሲሸተኝ ሆዴን ባር ባር አለው።

የመጣሁት ሸረሪት ለማየት ነው። አጌሌኖፕሲስ አፐርታ ትባላለች። ድሯን እንደ ነጠላ ትዘረጋዋለች፤ አንዱ ጥግ እየጠበበ ጉድጓድ ይሆናል። ድሩ አያጣብቅም። የሚያበላት ፍጥነቷ ነው።

ሱዛን ሪቸርት የምትባል ተመራማሪ እነዚህን ሸረሪቶች ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ወንዝ ዳር ምግብ ስለሞላ ያማርጣሉ፤ ወፍ ስለሚለቅማቸው ደግሞ ድንጉጦች ናቸው። የኒው ሜክሲኮ ደረቅ ሣር ሜዳ ላይ ያሉት ግን ያገኙት ላይ ሁሉ ይዘምታሉ፣ ለቦታቸውም ይፋለማሉ። ላብራቶሪ ያደጉ ልጆቻቸው እንኳ ያንኑ ጠባይ ይዘው ተገኝተዋል።

እኔን የገረመኝ ግን የጎረቤታሞቹ ልዩነት ነው። ተንበርክኬ አንዷ ድር ላይ እፍ አልኩ። የወፍ ክንፍ መስሏት ሽው ብላ ገባች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የፊት እግሮቿ ብቅ አሉ። ክንድ በማይሞላ ርቀት ያለችውንም እፍ አልኩባት። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኳት፣ ጉልበቴ ደነዘዘ፣ አልወጣችም። በነጋታው ጠዋት ደገምኩት። ደፋሯ ወጣች፣ ፈሪዋ ቀረች። ሸረሪት ሁሉ አንድ ነው ብዬ ስኖር ቆይቼ ነበር!

አርንክቪስትና ሄንሪክሶን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ አንዲት የውሃ ዳር ሸረሪት ያቀረቡት ሐሳብ ትዝ አለኝ። በልጅነቷ ደህና አብልቶ ያሳደጋት ቁጣ፣ ስታድግም አይለቃትም። ሊያገባት የመጣውን ወንድ ሳይቀር እንደ ሲሳይ ታየዋለች።

ይህንኑ እያሰብኩ ሳለ አንድ ቀጭን ወንድ መጣ። የወጣው የደፋሯ ድር ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ቆመና ሆዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ድሩን መታ መታ አደረገ። ቆመ። ደግሞ መታ። እሷ ሁለት እርምጃ ወጣች። ጓደኛዬ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

ከዚያ ሸረሪቷ እግሮቿን ሰብስባ ራሷን እንደሳተች ዝልፍልፍ አለች። ወንዱ የሚለቀው ሽታ ነው እንዲህ የሚያደርጋት። ጠጋ ብሎ ነካ አደረጋት። ዝም። ቀስ ብሎ በአፉ ያዛትና ወደ ጉድጓዱ አፍ ጎተታት። ፀሐይዋ ከረር እስክትል ቆየን፤ ስንሄድም እዚያው ነበሩ።