ኮቴውን መስማት፦ የጅማ ጋሪ ፈረስ ወደ አኒሜሽን

ጅማ ውስጥ ፈረስ ለመቅረጽ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጋሪዎች ከማለዳ ጀምሮ አስፋልቱን ይዘው ይመላለሳሉ። ከአራት ወር በፊት አንድ ባለጋሪ አስፈቅጄ፣ ስልኬን በመቆሚያ ላይ አስሬ፣ ፈረሳቸውን ከጎን ቀረጽሁ። ሐሳቤ ያንን አረማመድ ብሌንደር በተባለ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ላይ ወደ ሠራሁት ፈረስ ማስተላለፍ ነበር።

ነጥቦችን ለመከተል የተጠቀምሁት ዲፕላብካት በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ከቪዲዮው በተመረጡ ምስሎች ላይ ኮቴውን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱንና ትከሻውን በእጅ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ እርሱ ከዚያ ተምሮ የቀሩትን ይሞላል። ፈረሴ ግን ሳሙና በፈሰሰበት ወለል ላይ የቆመ ይመስል ይንሸራተት ነበር፤ እግሮቹ በተላለፉ ቁጥርም ቀኙና ግራው ይቀያየራሉ። አንድ ካሜራ ስፋትንና ቁመትን እንጂ ጥልቀትን አያይም። በምስሉ ላይ ያጠረ እግር ታጥፎ ይሁን ወደ ካሜራው ዞሮ ከነጥቦቹ ብቻ መለየት አይቻልም። ሦስት ሳምንት በዚህ አለቀ።

መፍትሔው የመጣው ከባለጋሪው ነው። ቪዲዮውን ባሳየኋቸው ጊዜ «ልጄ፣ ምስሉን ተወውና ኮቴውን ስማ፤ ሲራመድ አራት ነው፣ ለሶምሶማ ሲነሣ ሁለት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእርምጃ ጊዜ ግራ ኋላ፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ኋላ፣ ቀኝ ፊት በየተራ ያርፋሉ፤ በሶምሶማ ደግሞ የፊት ግራው ከኋላ ቀኙ ጋር፣ የፊት ቀኙ ከኋላ ግራው ጋር አብሮ ይወርዳል። እኔ ድምፁን እንደ ጫጫታ ቆጥሬ አጥፍቼው ነበር!

መለስሁትና የድምፁን ሞገድ ጫፎች አንድ በአንድ ከምስሉ ጋር አስተያየሁ። አስፋልት ላይ እያንዳንዱ ኮቴ ጥርት ያለ ጫፍ ያወጣል። ኮቴው ካረፈበት እስኪነሣ ድረስ አይኬ በሚባለው፣ የእግሩ ጫፍ ሲያዝ የቀሩትን መገጣጠሚያዎች አብሮ በሚያጥፈው የብሌንደር መሣሪያ ቦታውን ቆልፌ፣ የአጥንቶቹን ርዝመት ሳልለውጥ፣ አካሉ እንዲከተል አደረግሁ። መንሸራተቱ ቆመ። እግሮች ሲቀያየሩም ተራቸው ያጋልጣቸዋል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፦ ከ10 ሜትር ርቀት ድምፅ 0.03 ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በሰከንድ 30 ምስል ለሚቀርጽ ይህ አንድ ሙሉ ምስል ስለሆነ፣ ድምፁን በዚያው ልክ አስቀድመዋለሁ።

ሜዳ ላይ የቀረጽሁት የሽምጥ ግልቢያ ገና አልተሳካልኝም። ሣሩ ድምፁን ይውጠዋል። ደግሞም ፎቶ አንሺው ሙይብሪጅ በ1878 እ.ኤ.አ. ካሜራዎች ደርድሮ እንዳሳየው፣ አራቱም ኮቴዎች መሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ፤ ያን ጊዜ የሚቆለፍ ነገር የለም። ለጊዜው አካሉን እንደ ተወረወረ ድንጋይ በስበት ቀመር እያሳለፍሁት ነው። እግሮቹ አምረዋል፤ አንገቱ ግን አሁንም ደርቆብኛል። አንገት ላይ የሠራ ካለ ልምዱን ያካፍለኝ።