ከፍሬው ጀምሪ፦ የድሬ ልጅ ኢንተርቪው ስትዘጋጅ

የድሬ ልጅ ሰው አይፈራም። ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው የሌላውን ቋንቋ እየቀላወጠ ነው ያደገው። እናቴ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ትሸጥ ነበር። ደንበኛው ገና ደጃፍ ላይ ሳለ በአለባበሱና በአካሄዱ ታውቀዋለች። አንዱን በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ሌላውን በሶማልኛ «ካሌ»፣ ሦስተኛውን በአማርኛ «ና አቦ» ብላ ትጠራለች። ከዚያ በዚያው ቋንቋ ዋጋ ይጀመራል። እኔ አጠገቧ ጨርቅ እያጠፍኩ አዳምጣለሁ። ስለ ሰው አያያዝ ከዚያ ሱቅ የተማርኩትን ያህል የትም አልተማርኩም።

ስለዚህ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ስገባ ሰው ማናገሩ አልከበደኝም። እንግሊዝኛውም ቀስ እያለ መጣ። ለየት ያለብኝ የነገር አመጣጥ ነው። እኛ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ሰላምታው ይቀድማል፣ ከዚያ መነሻው፣ ከዚያ ምክንያቱ፣ ዋናው ጉዳይ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሽምግልና ላይ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ማንም እንዲንቀው አልፈልግም። እዚያ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ሰው መጀመሪያ ፍሬውን መስማት ይፈልጋል። ሥሩን ከፈለገ ራሱ ይጠይቃል።

እኔ የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። አንድ ነገር ሲያሳስበን ለነርሷ የምንናገርበት ሥርዓት አለ፤ ኤስባር ይባላል። የመጣው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ነው፤ በኋላ ወደ ሕክምና ገባ። አራት ደረጃ አለው፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪኩ፣ የኔ ግምት፣ የምጠይቀው ነገር። ሲነገር እንዲህ ነው፦ «እኚህ እናት ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ትናንት አዲስ መድኃኒት ተጀምሮላቸዋል። አፋቸው ደርቋል፣ ሰውነታቸውም ዝሏል፤ ፈሳሽ ያነሳቸው ይመስለኛል። አሁን መጥተሽ ብታያቸው።» በቃ። ይህንኑ «ጠዋት ስገባ ልጃቸው ደውላ ነበር፣ ከዚያ ቁርስ ሳመጣ...» ብዬ ብጀምረው ነርሷ ወደ ሌላ ክፍል ትጠራለች፣ ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ለታማሚዋ ደግሞ ያቺ ደቂቃ ትልቅ ናት።

ዘንድሮ ክረምት ድሬ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በሎጂስቲክስ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነበር። የነፃ ንግድ ቀጠናው በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በዚህ ሙያ የተመረቁ ልጆች ተስፋቸው እዚያው አካባቢ ነው። አንድ ድርጅት ለኢንተርቪው ጠራት። ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ «ከዚራ» ሰፈር በረንዳ ላይ ወንበር ዘርግተን መለማመድ ጀመርን። እኔ ጠያቂ፣ እሷ ተጠያቂ።

«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪኝ» አልኳት። ከተወለደችበት ሰፈር ጀመረች። አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማትሪክ... ጠያቂው ይህን ሁሉ ሲቪዋ ላይ ያየዋል። አሁን ምን ላይ ነሽ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆን ምን ሠርተሻል፣ ለምን እዚህ መጣሽ፤ ሦስቱን ብቻ፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ሳያልፍ ተናገሪ አልኳት።

ከዚያ ከባዱ ጥያቄ መጣ። «ሥራ ላይ የገጠመሽን ችግርና እንዴት እንደፈታሽው ንገሪኝ።» ይህ ጥያቄ ካናዳ ውስጥ የማይቀር ነው፤ አሁን አሁን እዚህም ይጠየቃል። እሷ ስትመልስ ሁሉም «እኛ» ሆነ። «አፓረንትሺፕ (የተግባር ልምምድ) ላይ መጋዘን ውስጥ ቆጠራው አልገጥም ብሎን ነበር፣ ተነጋግረን አስተካከልን።» ማን አስተካከለው? ዝም አለች። ቀስ ብዬ ስጠይቃት ነገሩ ወጣ። ደንበኛ የመለሰው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ ግን አይመዘገብም። ይህን ያገኘችው እሷ ናት። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ብቻዋን ቀርታ መደርደሪያውን ከካርዱ ጋር አንድ በአንድ አስተያይታለች። ለተመላሽ ዕቃ የተለየ መዝገብ እንዲከፈት ሐሳብ ያቀረበችውም እሷ ናት።

«ታዲያ ይህን ለምን አትናገሪም?»

«አንቺ ደግሞ! ራሴን ላሞግስ እንዴ? ነውር አይደል?»

ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ግን «ጎበዝ ነኝ፣ ታታሪ ነኝ» ማለት ሌላ፣ በእጅ የሠሩትን መመስከር ሌላ። «ታታሪ ነኝ» የሚለውን ማንም ይለዋል። «ምሳ ሰዓት ቀርቼ ካርዱን ከዕቃው ጋር አስተያየሁ» የሚለውን ግን የሠራ ሰው ብቻ ነው የሚለው። መልሱን በአራት ከፈልነው፦ ሁኔታው ምን ነበር፣ የኔ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግሁ፣ ምን ውጤት መጣ። ውጭ አገር ስታር ይሉታል። ትልቁን ጊዜ ለሦስተኛው መስጠት ነው። አብዛኛው ሰው ሁኔታውን ሲተርክ ጊዜው ያልቅበታል።

ይህ ዘዴ ለስደተኛ ሌላም ጥቅም አለው። «የካናዳ ልምድ የለሽም» የሚባል ነገር አለ። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በ2013 እ.ኤ.አ. ይህን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አድልዎ ነው ብሎ አቋሙን አውጥቷል፤ ቢሆንም ቃሉ አሁንም ይሰማል። እኔ የምመልሰው በእናቴ ሱቅ ነው። የተቆጣ ደንበኛ በሌላ ቋንቋ እየጮኸ ሲመጣ ምን እንዳደረግሁ በአራቱ ደረጃ እናገራለሁ። ልምዱ የድሬ ነው፣ ጠያቂው ግን ይገባዋል።

አንድ ትንሽ ነገር፣ ውጭ ላላችሁ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። እዚያ ያለ ጠያቂ የደነገጣችሁ ይመስለዋል፤ በዙም ከሆነ ጭራሽ አይሰማም። በቃል መልሱ።

ድሬ ላሉት ደግሞ ተቃራኒው ምክር አለኝ። እኛ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ነው የምንለው፤ ለኛ ፍቅር ነው። የአክስቴ ልጅ ፊት የሚቀመጠው ጠያቂ ግን ከሌላ ከተማ ሊመጣ ይችላል፤ ቃሉን እንደ ንቀት ይወስደዋል። ስለዚህ እኔንም ልምምዱ እስኪያልቅ «እርስዎ» እንድትለኝ አደረግሁ። መጀመሪያ ላይ ሳቋ እያመለጣት አስቸገረች፣ ኋላ ለመደችው።

በሰው ፊት ቆሞ ማቅረብ ላይ እኔን የረዳኝ ቶስትማስተርስ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረ የንግግር መለማመጃ ክበብ ነው። የተዘጋጀ ንግግር ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ምልክት እያሳዩ ሰዓት ይይዙልሃል። ስንት ጊዜ «አህ» እንዳልክ የሚቆጥር ሰው አለ። የኛ «አህ» ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው፦ «እንትን»፣ «ያው»፣ «ማለት ነው»፣ «ምን ይባላል»። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቃሉ ሲጠፋ አፍን ዘግቶ ትንሽ መጠበቅ። ለተናጋሪው ረጅም ይመስለዋል፣ አድማጩ ግን ልብም አይለውም። ለዚህ ክበብ አያስፈልግም፤ ስልክ ላይ ቀድቶ ማዳመጥ ይበቃል። እሷም በስልኳ ቀዳች። ከሁለተኛው ምሽት በኋላ «ማለት ነው»ዋ በጣም ቀነሰ።

«አግብተሻል ወይ ቢሉኝስ?» አለችኝ። ኦንታሪዮ ውስጥ አሠሪ ይህን እንዳይጠይቅ የሰብዓዊ መብት ሕጉ ይከለክላል። እዚህ ግን ብዙ ሴት ልጆች ይጠየቃሉ። ሳትቆጣ፣ ሳትዋሽም የምትመልሰው አዘጋጀን፦ «ሥራዬን የሚያስተጓጉል የቤት ጉዳይ የለብኝም፤ በተባለው ሰዓት እገኛለሁ።» ጠያቂው ማወቅ የሚገባው ይህንን ነው።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉ «የለኝም» እንዳትል አጥብቄ ነገርኳት። ለሥራው ማሰብሽ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ደሞዝን ያን ጊዜ አታንሺ፤ ስለ ሥራው ጠይቂ። ኢንተርቪው የገባች ቀን ከሰዓት ደወለችልኝ። አልጠየቁኝም ብላ እፎይ ያለችበትም፣ ተጠይቃ የመለሰችውም ነበር። ውጤቱን ገና አልነገሯትም። እሷ ግን እንዲህ ብላ ጠይቃቸዋለች፦ «ተመላሽ ዕቃ የምትመዘግቡት በምንድን ነው?» ከጠያቂዎቹ አንዱ ወንበሩን ወደፊት ስቦ ማስረዳት ጀመረ። ሌላኛው ደግሞ ቢን ካርዱን በተመለከተ ያለችውን እንድትደግምለት ጠየቃት።