የጭድ ሳጥኔና ያሳመመን ቦሎቄ

የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ የእንጦጦ ግርጌ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለኝ፤ ግን መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ድስት ስጥድ ነው። ስለዚህ ኑሮዬ ከከሰል ጋር ነው፣ አንድ ማዳበሪያ ደግሞ ሳምንት ተኩል አይሻገርልኝም ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ለሰፈራችን ሴቶች ስለ ማገዶ ቁጠባ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሲሰጥ ከፊት ወንበር የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ነገሩ የጭድ ሳጥን ነው። ምግቡ እሳት ላይ ይፈላል፤ ከዚያ ከነክዳኑ ጭድ በተሞላ ሳጥን ውስጥ ይቀበራል። ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ያለ ከሰል መብሰሉን ይቀጥላል።

ሳጥኑን ለመሥራት ትልቅ ካርቶን፣ ለምርጊት ከሚሸጠው የጤፍ ጭድ አንድ ጆንያ፣ ሁለት የትራስ ልብስና የባለቤቴ አሮጌ ጋቢ በቃኝ። ጭዱን ፀሐይ ላይ አድርቄ ከሥርም ከጎንም ግማሽ ስንዝር ያህል ጠቀጠቅኩት። አንድ ነገር አደራ፦ ድስቱ ሥር ፍም ተጣብቆ ከገባ ሳጥኑ ይነዳልና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ንግሥት ሆንኩ። ሩዝ አምስት ደቂቃ አፍልቼ ከቀበርኩት ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍልቅልቅ ብሎ ይወጣል። ምስር ክክም እንደዚያው። የበግ ቅቅል ግማሽ ሰዓት አፍልቼ አስገብቼ ገበያ ደርሼ ስመለስ ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየልኝ። ይህ ኩራት ነው ያጃጃለኝ።

በሁዳዴ አንድ ረቡዕ እህቴ ከልጆቿ ጋር ልትመጣ ሆነ፤ ቀይ ቦሎቄ ልሠራ አሰብኩ። በሥልጠናው የታደለን ወረቀት ጥራጥሬ 10 ደቂቃ ይፍላና 4 ሰዓት ሳጥን ውስጥ ይቆይ ይላል። መዘፍዘፉን ማታ ረስቼው ጠዋት ነው ሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ያቆየሁት። ድስቱ ትልቅ፣ ቦሎቄው ከግማሽ በታች። አሥሩን ደቂቃ በሰዓት ቆጥሬ ቀበርኩት። የግቢያችን እማማ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ቦሎቄ እኮ እሳት ይፈልጋል» አሉኝ። «ሳይንስ ነው እማማ» ብዬ መለስኩላቸው። እስካሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይቀላል።

በዚያ ላይ አላስችል ብሎኝ ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። በከፈትኩ ቁጥር እንፋሎቱ ጣሪያ ድረስ ይወጣል፤ እኔ ደግሞ «እንዴት ትኩስ ነው!» እያልኩ እደሰታለሁ። የሚወጣው ግን ማብሰያዬ ነበር።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በላን። 3 ሰዓት ሳይሞላ የእህቴ የስምንት ዓመት ልጅ ማስመለስ ጀመረ፤ እህቴ ተከተለች፤ ቀጥሎ እኔ። ሌሊቱን ባልዲ ስንቀባበል አነጋን። ጠዋት ድስት ውስጥ ከቀረው አንድ ፍሬ አንስቼ በጣቴ ተጫንኩት። ላዩ ለስልሷል፣ መሐሉ ግን እንደ ደረቅ ኖራ ፍርክስ አለ። ሁላችንም በማግስቱ ዳንን፤ እህቴ ግን አንድ ሳምንት አላናገረችኝም።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አሠልጣኙ ሄድኩ። ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ «እመቤት፣ መመሪያው እኮ በመላው ዓለም የሚሠራበት ነው። እርስዎ በደንብ አላፈሉትም ይሆናል» አለኝ። «10 ደቂቃ ይላል፣ 10 ደቂቃ አፈላሁ» አልኩት። «እንግዲህ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እዚያች «እንግዲህ» ላይ ያለኝ ቂም ገና አልበረደም።

መልሱን ያገኘሁት ከወንድሜ ነው፤ ኬሚስትሪ ያስተምራል። ቴርሞሜትር አምጥቶ የሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ነከረው፦ 91 ዲግሪ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቀደም ብሎ ይፈላል። እኛ ያለነው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ድስቱ ወደ ሳጥኑ የገባው ገና ከመነሻው ዘጠኝ ዲግሪ ጎድሎት ነው። ያ ወረቀት የተጻፈው ለቆላ ማእድ ቤት ነበር፤ የተረጎመው ሰው እንጦጦን አላሰበውም።

ሌላም ነገረኝ። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የሚባል መርዝ አለው፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ ሰው ያሳምማል። መርዙን የሚያጠፋው በደንብ የፈላ ውኃ ነው። በ80 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ቢቆይ ግን ከጥሬው ሊብስ ይችላል። የእኔ ሳጥን ደግሞ በትክክል ያንን አደረገ።

አሁን ቦሎቄን ሌሊቱን እዘፈዝፋለሁ፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ እደፋለሁ፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 45 ደቂቃ እሳት ላይ አንተከትካለሁ። ፍሬውን ነክሼ መሐሉ መልፈስፈስ ከጀመረ ብቻ ወደ ሳጥን ይገባል። ከሰሉ እንደ ሩዙ አይቆጠብም፤ ይሁን። ድስቱ እስከ አፉ ሊደርስ የተቃረበ ይሁን፤ ግማሽ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። እንፋሎት ስለማይወጣ ውኃውን ከወትሮው ሩብ ያህል ቀንሱ።

«ማታ አስገብታችሁ ጠዋት ብሉ» የሚለውን ምክር ደግሞ እኔ አልቀበልም። ሌሊቱን ለካሁት፤ ሲነጋ ሙቀቱ ወርዶ 48 ዲግሪ ላይ ደርሶ ነበር። ከ60 በታች የወረደ ምግብ ባክቴሪያ ይራባበታል። ከአራት ከአምስት ሰዓት በላይ አላቆይም፣ ካወጣሁም በኋላ እንደገና አፈላዋለሁ። ወጥንም ተዉት፤ ሽንኩርት ማቁላላት ያለ እሳት አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ፣ የተቀቀለ ሽንኩርት ነው የወጣልኝ።

ማዳበሪያዬ አሁን ሦስት ሳምንት ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። እማማም አንድ ሳጥን አሠርተውኛል። የዳቦ ሊጣቸውን ኩፍ ያደርጉበታል፣ ሩዝም ያበስሉበታል። ቦሎቄያቸው ግን እስከ ዛሬ ማንደጃው ላይ ነው፤ እኔ በአጠገባቸው ሳልፍ ጮክ ብለው፣ «ሳይንስ ነው!» ይሉኛል።