ቶምቦላችን ሕገወጥ ሆኖ ቁጭ አለ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ትንሽ ማህበር አለችን፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ (ሁሉም እምቢ ሲል እኔ ላይ የወደቀ ሥልጣን ነው)። በ2023 መጀመሪያ አካባቢ አገር ቤት ላለ አንድ ጤና ጣቢያ አልጋና ፍራሽ ምናምን እንግዛ ተባለ፣ ከዛ አንዱ ተነስቶ "ቶምቦላ እናውጣ" ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፣ በቃ ተወሰነ። አገር ቤት እያለ ቶምቦላ ያልቆረጠ ማን አለ? ግን እዛም ቢሆን ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ተወስዶ ነው የሚሠራው፣ ያ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም፣ እኔም ራሴ።

አንደኛ እጣ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሁለተኛ የወርቅ ሀብል፣ ሦስተኛ ሲኒ ከነረከቦቱ። አንዱ ቁጥር 20 ዶላር። ፖስተሩን ሠርቼ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት፣ ከሥሩ የዜል (በስልክ ብር መላኪያ) ቁጥር አለ፣ ብር ለላከ ሰው ቁጥር ሰጥቼ ኤክሴል ላይ እመዘግባለሁ። በአራት ቀን 61 ቁጥር ሄደ! ሲያትል ያሉት አክስቴ ብቻቸውን አሥር ገዙ፣ "ቁጥሩን አንተው ምረጥልኝ የኔ ልጅ፣ እጅህ ይቀናዋል" ብለው።

በአምስተኛው ቀን የሂሳብ ባለሙያ የሆነች አንዲት አባላችን ደወለች። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "ያንን ፖስተር አሁኑኑ አውርደው" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ራፍል (የኛ ቶምቦላ ማለት ነው) ድሮ ጭራሽ ክልክል ነበር፣ በ2000 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት ነው ከ2001 ጀምሮ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ብቻ የተፈቀደው፣ እሱም በስንት ገደብ። ገደቡ ያለው ደግሞ የት መሰላችሁ፣ የወንጀል ሕጉ ውስጥ፣ አንቀጽ 320.5። የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ዓይነት ነገር አይደለም ማለት ነው። ሊንኩን ላከችልኝና ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳነበው እያንዳንዱ መስመር እኛን አይቶ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ድርጅቱ ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው መሆን አለበት (ይሄን አልፈናል፣ ተመስገን)። ከእጣው ቀን 60 ቀን ቀደም ብሎ የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ጋ መመዝገብ አለበት፣ እኛ አልተመዘገብንም። ትኬት በኢንተርኔት መሸጥ አይቻልም፣ እኛ ደግሞ ሌላ ቦታ አልሸጥንም። እያንዳንዱ ትኬት ቁጥር ያለው የሚቀደድ ቁራጭ ሊኖረው ይገባል፣ የኛ "ትኬት" የኤክሴል መስመር ነው። ከሽያጩ 90 ፐርሰንቱ ለበጎ ሥራው መዋል አለበት፣ እኛ የአውሮፕላኑን ትኬት ከዛው ከሽያጩ ልንገዛ ነበር ያሰብነው።

እነዚህን ሁሉ ማስተካከል ይቻላል ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ወደታች ስወርድ ዋናውን አገኘሁት፦ በራፍል የተሰበሰበ ብር ከካሊፎርኒያ ውጭ ላለ ለምንም ዓይነት ዓላማ መዋል አይችልም። አገር ቤት ቀርቶ ጎረቤት ስቴት ኔቫዳ አይሻገርም። እኛ ስንጨነቅ የነበረው ብሩ ከየት ይምጣ ብለን ነው፣ የት ነው የሚሄደው ብሎ ከሕጉ ጋር ያስተያየ አንድ ሰው የለም። አሁን ማንም ራፍል እናውጣ ብሎ ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው።

የ61 ቁጥር ብር፣ 1,220 ዶላር፣ አንድ በአንድ መመለስ ጀመርኩ። ሰው ተቆጣ፣ አንዳንዱ "በላችሁት እንዴ" አለ (ኧረ እየመለስኩልህ ነው ወንድሜ!)። አክስቴ ግን አሻፈረኝ አሉ። "የሰጠሁትን አልቀበልም፣ ነውር ነው።" ብሩ ትኬት ተብሎ ከተቀመጠ ችግር እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው፣ በመጨረሻ "እንግዲያው ስጦታ ብለህ ጻፈው" አሉ። በጽሑፍ ላኩልኝ አልኳቸው፣ ላኩልኝ። እንደውም ለሳቸው ተሻለ፣ የራፍል ትኬት ከታክስ አይቀነስም፣ ስጦታ ግን ሊቀነስ ይችላል።

ለፋሲካ የታሰበው ለእንቁጣጣሽ ተላለፈ። ተመዘገብን፣ ማረጋገጫው እስኪመጣ አንድ ትኬት አልሸጥንም። የአውሮፕላን ትኬቱን አንድ የጉዞ ወኪል በነጻ ሰጠን፣ ሀብሉን አንዲት ነጋዴ። የራፍሉን ዓላማ ወደ ቅዳሜ የልጆች አማርኛ ትምህርት ቀየርነው፣ ይሄ እዚሁ ነው፣ ሕጉ የአባላትን ጥቅም ስለማይወድ ትምህርቱ ለማንም ልጅ ክፍት ነው ብለን በቃለ ጉባኤ ያዝን። ትኬቱን አሳትመን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር ሬስቶራንት በር ላይ ቆመን በእጅ ሸጥን፣ 430 ሄደ። መኪና እንሸልም ያሉም ነበሩ፣ ሽልማቱ ከ5,000 ዶላር ካለፈ ግን 24 ፐርሰንት ታክስ አስቀድሞ መያዝ አለበት፣ የ15,000 ዶላር መኪና የደረሰው ሰው ቁልፉን ከመውሰዱ በፊት 3,600 ዶላር አካባቢ ከኪሱ ያምጣ ልትሉት ነው፣ ደስታው እዛው ያልቃል።

ለጤና ጣቢያውስ? እዛው ምሽት ላይ ለብቻው ስጦታ ሰበሰብን፣ ጨረታም አወጣን። ጨረታ እጣ የለበትም፣ ብዙ የሰጠ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ራፍል አይባልም። አንድ ድፎ ዳቦ 700 ዶላር ወጣ፣ የገዛው ጋሼ መልሶ ለጨረታ ሰጠውና እንደገና 400 ተሸጠ። የራፍሉንና የጤና ጣቢያውን ብር በተለያየ የባንክ አካውንት ነው ያስገባነው፣ ይሄን እንዳትቀልዱበት።

እጣውን በስልክ አፕ እናውጣ ያለ ልጅ ነበር፣ አይሆንም፣ ከተቀደዱት ቁራጮች ነው መውጣት ያለበት አልነው። ዕቃ ስናጣ መሶብ አመጣን። 430 ቁራጭ መሶብ ውስጥ ገብቶ የሂሳብ ባለሙያችን ቆማ እያየች አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እስከ ትከሻዋ እጇን ሰደደች። አንደኛው እጣ በራፍ ላይ ቆሞ ትኬት ሲሸጥ ለዋለ ልጅ ወጣ። አክስቴ ማታውኑ ደወሉ፣ "የኔ ቁጥር ወጣ?" አሉኝ።