በትንሽ ብር የሚቆይ የስኬቲንግ ጫማ፦ ጎንደር ላይ እንዴት እንደመረጥኩ

ጎንደር ላይ ስኬቲንግ መንዳት ጫማ ይፈትናል። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ነው፤ ጥሩ አስፋልት ያለበት ቦታ ደግሞ ባጃጅ ይበዛል። ስለዚህ እኔና ጓደኞቼ የምንነዳው በማለዳ ነው። መንዳት ብቻም አይደለም፤ ከደረጃ እንዘላለን፣ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ እንንሸራተታለን። ለዚህ የሚሆን ጫማ በቀላል ዋጋ አይገኝም።

የያዝኩት ብር ለሁለት ነገር ይበቃ ነበር፦ ለአዲስ ርካሽ ወይም ላገለገለ ጥሩ ጫማ። ለመወሰን ራሴን አንድ ነገር ጠየቅኩ። ቢበላሽ እዚሁ ይጠገናል? ጎማ ይቀየራል። ጎማው ውስጥ ሆኖ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታም ይቀየራል። ማሰሪያው ቢበጠስ ጫማ ሰፊ ጋ ይሰፋል። ጎማዎቹን በአንድ መስመር የሚይዘው ፍሬም ወይም እግር የሚገባበት ጠንካራ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ግን አለቀለት። ስለዚህ ያገለገለውን መረጥኩ፤ ብሬንም በእነዚህ በሁለቱ ላይ አዋልኩ።

ሻጩ ጋ ቁጭ ብዬ አገላብጬ አየሁት። “አይዞህ ወንድሜ፣ ፍታው” ብሎ መፍቻ አቀበለኝ። እንዲህ ያለ ሻጭ ሲገኝ ደስ ይላል። ጎማዎቹን አውጥቼ ፍሬሙን ባዶውን ለፀሐይ ያዝኩት። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካየህ ተወው። ቀጥሎ ፍሬሙን ከፊትና ከኋላ ይዤ ለመጠምዘዝ ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም። ርካሾቹ ስስ ፕላስቲክ ስለሆኑ በእጅ እንኳን ይታጠፋሉ፤ ቁልቁለት ላይ ያንን እግርህ ሥር አትፈልገውም። ፕላስቲክ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ጠርዝ ላይ ለመንሸራተት የሚሠሩት ወፍራም የፕላስቲክ ፍሬሞች ጠንካሮች ናቸው። ፍሬሙ ከጫማው ጋር የተያያዘው በብሎን መሆኑንም እይ፤ በሪቬት (በመፍቻ በማይፈታ ምስማር) ከተመታ ፈትቶ መቀየር ያስቸግራል።

ጎማው አልቆ ነበር፤ እሱን ግን ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀምኩበት። ጥሩ ጎማ ፖሊዩሬቴን ከሚባል እንደ ላስቲክ ያለ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። በጥፍር ስትጫነው ትንሽ እሺ ይልሃል፤ መሬት ስትመታው እንደ ደረቅ ፕላስቲክ አይንቋቋም። ጎኑ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 76 እና 82ኤ። የመጀመሪያው በሚሊ ሜትር ዲያሜትሩ ነው፣ ሁለተኛው ጥንካሬው። ለሻካራ አስፋልት ከ80 እስከ 85 ያለው ተስማምቶኛል። ከዚያ የጠነከረው ቶሎ አያልቅም፤ ንዝረቱ ግን ጉልበት ይጨርሳል፣ ብሎንም ያላላል።

ኩሽኔታ ላይ ብዙ ብር አታፍስስ። “አቤክ 9 ነው” ሲሉህ አትደናገጥ፤ አቤክ የአሠራሩን ልከኝነት እንጂ ዕድሜውን አይነግርም። የአብዛኛው ስኬቲንግ ኩሽኔታ 608 የሚባለው ነው፦ ቀዳዳው 8፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ስኬትቦርድም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የሚገድለው አቧራና ውኃ ነው። ክረምት ላይ እርጥብ መንገድ ከነዳሁ በዚያው ቀን አውጥቼ እጠርጋለሁ፣ ጠብታ ዘይት አደርግበታለሁ።

ዕድሜ የጨመረልኝ ሌላው ነገር ጎማ ማዟዟር ነው። የውስጥ ጎናቸው ቀድሞ ያልቃል። አንደኛውን ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውን ከአራተኛው አቀያይርና ያለቀውን ጎን ወደ ውጪ አዙር። ነፃ ነው፤ የሚፈልገው መፍቻ ብቻ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ግን ለሄልሜትና ለእጅ አንጓ መከላከያ የሚሆን ብር ለይተህ አስቀምጥ። ካልበቃህ የጫማውን ደረጃ ዝቅ አድርግ እንጂ እነሱን አትተው። የጎንደርን ቁልቁለት ተረከዝ ላይ ያለችው ትንሽ ፍሬን ብቻዋን አትይዘውም።