18 ወይስ 22? ስለ ብራኬት ስሎት ምርጫ

ብሬስ ያሰረ ሰው በመስታወት የሚያየው ጥርሱ ላይ የተለጠፈውን ብራኬትና በላዩ የሚያልፈውን ሽቦ ነው፤ ሐኪሙን በጣም የሚያሳስበው ግን ሽቦው የሚቀመጥበት ጠባብ ቦይ፣ ማለትም ስሎቱ ነው። በሙያችን «18» እና «22» የምንላቸው ስሎቶች 0.018 እና 0.022 ኢንች ስፋት ያላቸው ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው።

ሰፊው ስሎት የወርቅ ሽቦ ዘመን ውርስ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1928 የኤጅዋይዝ ብራኬትን (ባለ አራት ማዕዘን ሽቦ የሚቀበለውን) ሲያስተዋውቅ ሽቦው የወርቅ ቅይጥ ስለነበረ፣ በቂ ኃይል ለማግኘት ወፍራም መሆን ነበረበት። የማይዝግ ብረት ሲተካው ያንኑ ኃይል በቀጭን ሽቦ ማግኘት ተቻለ፤ ጠባቡም ስሎት ተከተለ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ጥርስ ተነቅሎ ክፍተቱ በሚዘጋበት ወቅት ነው። በ22 ስሎት ውስጥ የተለመደው 0.019 በ0.025 ኢንች የብረት ሽቦ ግድግዳውን በሚገባ እስኪነካ ድረስ 10 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ ስለዚህ ብራኬቱ ላይ የተቀረጸው ቶርክ፣ ማለትም የጥርሱን ሥር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብለው ጥምዘዛ፣ በሙሉ ወደ ጥርሱ ሥር አይደርስም፣ የላይኞቹ የፊት ጥርሶችም ወደ ውስጥ ሊጋደሙ ይችላሉ። በ18 ስሎት 0.017 በ0.025 ሽቦ ቦዩን ሊሞላው ስለሚቃረብ የሥሩን አቅጣጫ ይበልጥ ይቆጣጠራል። (የፋብሪካ ስሎቶች ብዙ ጊዜ ከተጻፈባቸው መጠን ሰፋ ብለው እንደሚገኙም መዘንጋት አይገባም።) በሌላ በኩል የ22ቱ ሽቦ፣ በ18 ስሎት ከሚገባው 0.016 በ0.022 ሽቦ ጋር ሲነጻጸር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ለመጉበጥ ሁለት እጥፍ ገደማ ግትር ነው። ጥርሶችን በሽቦው ላይ እያንሸራተትን ክፍተት ስንዘጋ ሽቦው የማይጎብጠው ለዚህ ነው፤ እኔም 22ን የምመርጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ክፍተቱን በታጠፈ ሉፕ (ሽቦው ላይ በሚሠራ ቀለበት መሰል እጥፋት) ለሚዘጋ ሐኪም ግን 18 የተሻለ ይስማማዋል።

በስኮትላንድ ዳንዲ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ በዕጣ የተመደቡ ታካሚዎች ጥናት በሕክምናው ርዝማኔም ሆነ በውጤቱ ጥራት በሁለቱ መካከል ክሊኒካዊ ትርጉም ያለው ልዩነት አላገኘም። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ የሁለቱ መደባለቅ ነው። በ22ዎቹ መካከል አንድ 18 ብራኬት ቢለጠፍ ወፍራሙ ሽቦ አልገባ ስለሚል ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። በ18ቶቹ መካከል የተለጠፈ 22 ግን ሽቦውን ያለ ችግር ይቀበላል፤ ያ ጥርስ ብቻ ሥሩ ሳይስተካከል ይቀራል፣ ምክንያቱንም ለማወቅ ወራት ሊፈጅ ይችላል። አዲስ አበባ ጀምሮ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ለሚጨርስ ታካሚ የሪፈር ወረቀት የምትጽፉ ባልደረቦቼ፣ የስሎቱን መጠንና መጨረሻ የታሰረውን ሽቦ ልክ ሳትጽፉ አትላኩት።