ውሃ የሚጠጣ ታንኳ

ባሕር ዳር የገባሁት መሽቶ ስለነበር ጣናን ያየሁት በማግስቱ ነው። ጎሕ ሲቀድ ወደ ዳሩ ወረድኩ። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ ሁለት ታንኳዎች ይመጣሉ። ሸክሙ ተጭኗቸው ከውሃው እኩል ሆነዋል፤ ቀና ያለው አፍንጫቸው ብቻ ነው። ቀዛፊዎቹ ቀርቀሃቸውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይነክራሉ።

እኔን ያመጣኝ ግን የታንኳው አሠራር ነበር። የከተማው ወዳጄ ከሐይቁ ዳር ወዳለ፣ በታንኳ ሥራ የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ወደሚኖሩበት መንደር ወሰደኝ። አንድ አዛውንት ከልጃቸው ጋር ደንገል፣ ማለትም ታንኳው የሚሠራበትን የውሃ ዳር ተክል (ፓፒረስ)፣ እያሰሩ ደረስን።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ ና ልጄ፣ ጥላው ውስጥ ቁጭ በል።»

ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ከርሟል፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ዞሯል። አንዱን አገዳ ሰጡኝ። ሦስት ጎን ነው። ስሰብረው ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የሳሳ ሆኖ አገኘሁት። የሚያንሳፍፈው እዚያ ውስጥ ያለው አየር ነው።

አባትየው ነዶውን በእግራቸው ረግጠው ልጡን ይስባሉ፤ ልጁ ከወዲያ ጫፉን ይዟል። ደንገሉ ሲጠብቅ ሲጢጥ ይላል። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ማሰሪያው ሥር ይሰኩታል። ጣቱ ከገባ ምንም ሳይናገሩ ይፈቱታል፤ ልጁም እንደ አዲስ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ሲፈቱ አየሁ።

«ታንኳው ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?» አልኳቸው።

«ውሃ እስኪጠጣ ነው። ከጥቂት ወር አያልፍም። እኔ ከአባቴ፣ አባቴም ከአባቱ ይህንኑ ስናስር ኖርን።»

ይህ መልስ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። የአያታቸው ታንኳ የለም፤ በስብሶ ቀርቷል። ልጁ አይቶ የሚቀዳው አሮጌ ታንኳ አያገኝም፤ ያለው የአባቱ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን ሊሻገርባት «ራ» ብሎ የሰየማትን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር፤ ያሰሯት ግን የቻድ ሐይቅ ሰዎች ናቸው። ደንገሉ ውቅያኖስ ላይ ሲወጣ የጣና እጆች አለመከተላቸው ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን ደግሞ ደንገሉ ራሱ እየሸሸ ነው። ውሃው ሲጎድል ዳሩ ይታረሳል፤ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ወሮታል። «ድሮ ከደጃችን ነበር የምናጭደው» አሉኝ አዛውንቱ፤ «ዛሬ ግማሽ ቀን ቀዝፈን ነው።» ደንገል ከሌለ ልጁ እጁን የሚያፍታታበት የለውም።

ከሰዓት በኋላ ልጁ በሌላ ታንኳ ትንሽ ይዞኝ ወጣ። የተቀመጥኩት ከሥሬ በተነጠፈ ደረቅ ደንገል ላይ ነው፤ ውሃው ከታች እየሰረገ ጫማዬን አራሰው። ስንመለስ ታንኳውን ብቻውን ጎትቶ አወጣና ፀሐይ እንዲያገኘው ከዛፍ ጋር አስደግፎ አቆመው። ከጫፉ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።